አረፋ ያልያዘው ቢራ

ሸዋነሽ የዚያን ቅዳሜ ገና አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ካለው ቤቷ ሳትነሳ ተናዳ ነበር። የወንድሟ ልጅ ኢዩኤል ጠዋት ደውሎ፣ «አክስቴ፣ ዛሬ ኦፍ ነሽ አይደል? ሚድታውን የቤልጂየም ቢራ ፌስቲቫል አለ። አንድ ቲኬት ተርፎናል፣ መጥተን እንውሰድሽ» ሲላት ደስ ያላት ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ፣ «ጓደኛዬ ካንስል አድርጎ ነው፤ ዝም ብሎ ከሚባክን ብዬ» አለ።

ተርፎናል። ከሚባክን። ስልኩን ዘግታ ጫማዋን ስትፈልግ ሁለቱን ቃላት እያመነዠከች ነበር። ሰው ከማዕዱ ያተረፈውን ለጎረቤት ሲልክ እንኳ «እስቲ ቅመሱልኝ» ይላል እንጂ «ከሚሻግት ብዬ ነው» አይልም። ቢሆንም ለበሰች። ቤት ቁጭ ብላ ስለ ትናንቱ ሥራ ከምታስብ መውጣቱ ይሻላት ነበር።

ትናንት ዓርብ፣ ዱሉዝ በምትሠራበት መጋዘን፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሱፐርቫይዘሯ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ቴርሞሜትር አነባበብ አስተምሯታል። በጣቱ ቀዩን መስመር እየነካ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዚስ፤ ኢዝ፤ ኮልድ» አላት። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ጉድ ጆብ፣ ማማ» ብሎ ሄደ።

ሸዋነሽ አምሳ አራት ዓመቷ ነው። በዲቪ አትላንታ ከገባች ሰባት ዓመቷ። ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠርታለች። በኬሚስትሪ ዲፕሎማ ተቀጥራ ብርጭቆ ከማጠብ ጀምራ፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት የጥራት ቁጥጥር ፈረቃ ኃላፊ ሆና ነበር። ከታንክ ወደ ጠርሙስ የሚያልፍ ቢራ የእሷ ፊርማ ሳያርፍበት አያልፍም። ቀማሽም ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ምንም ሳትበላ፣ ሽቶ ሳትቀባ፣ ስድስት ስምንት ብርጭቆ እየተደረደረላት የትኛው ምን እንደሆነ በአፍንጫዋና በምላሷ ትለይ ነበር። አትላንታ ስትመጣ የትምህርት ማስረጃዋን ለሦስት ቦታ አስገብታ ሦስቱም ቦታ «ልምድሽ እዚህ አገር አይቆጠርም» ተብላለች። ኢዩኤል ይህን ሁሉ አያውቅም። በዘጠኝ ዓመቱ ከአባቱ ጋር መጥቶ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። አክስቱ «ፋብሪካ ትሠራ እንደነበር» ብቻ ያውቃል። ምን ፋብሪካ፣ ምን ሥራ፣ ጠይቋት አያውቅም።

መኪናዋን የምትነዳው ሩሐማ ነበረች፣ የኢዩኤል እጮኛ። ሩሐማ በሆስፒታል ነርስ ረዳት ናት፤ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለሆነች መጠጥ አትቀምስም፣ ለዚህም ነው መሪው የእሷ የሆነው። በሩን ከፍታ፣ «እንደምን አደሩ፣ ከፊት ይግቡ፣ ከኋላ ይጠብዎታል» አለቻት። ኢዩኤል ከፊት ወንበር ሳይነሳ ስልኩን እየነካካ፣ «ኖ ኖ፣ ኢትስ ፋይን፣ አክስቴ ከኋላ ትመቻለች» አለ። ሸዋነሽ ከኋላ ገባች። እሷ ጥርሷን እንደነከሰች የሰማንያ አምስትን አውራ ጎዳና ይዘው አትላንታ መሐል ሚድታውን ደረሱ።

ፌስቲቫሉ የተዘረጋው በአንድ ሰፊ ፓርኪንግና ከጎኑ ባለው ሣር ላይ ነው። ወሩ ኦክቶበር ቢሆንም ፀሐዩ የጁላይ ይመስል ነበር። በር ላይ የእጅ አምባር የሚመስል ወረቀት አሰሩላቸው፣ የመቅመሻ ትንሽ ብርጭቆም ሰጧቸው። ሕዝቡ ፕሬትዝል በክር ሰክቶ አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ አንጠልጥሏል፤ በየመሐሉ አንዳንዱን ይቆረጥማል። ሸዋነሽ ይህን ስታይ ፈገግ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን ወዲያው የኢዩኤል አለቃ ብራያን መጣ።

ብራያን ረጅም ነው፤ ሚድታውን ውስጥ ኢዩኤል የሚሠራበትን የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት አንድ ክፍል ይመራል። ኢዩኤል በቅርቡ ሊሾም ነው እየተባለ ስለሆነ ብራያን ሲስቅ ይስቃል፣ ብራያን ሲቆም ይቆማል። ሰውየው ሸዋነሽን ጎንበስ ብሎ ጨበጣትና፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጣለ፣ «ቢራ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ትንሽ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አስተማሪዋ ሆነ። ይሄ ዱብል ይባላል፤ ጥቁር ነው። ይሄ ትሪፕል ነው፤ ያሰክራል፣ ተጠንቀቂ። በስንዴ የተሠራ አንድ ነጣ ያለ ቢራ ሰጥቷት፣ «ውስጡ ሚስጥራዊ ቅመም አለ፤ በሕይወትሽ ገምተሽ አታገኚውም» አላት። ሸዋነሽ አንዴ አሸተተች። ድንብላል ነበር፣ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር። ድንብላል በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል እያስታወሰች ሳለ ብራያን፣ «ኮሪያንደር!» ብሎ ራሱ መለሰና ሳቀ።

ንዴቷ እንዳለ ሆኖ፣ ከዱብሎቹ አንዱን ወደደችው። ለሰባት ዓመት ያላደረገችውን አደረገች፤ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንስታ አየች፣ አዙራ አሸተተች፣ ጥቂት ይዛ በምላሷ አንከባለለችው። ዘቢብ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደረቅ። የሠራው ሰው እጁ የተባረከ ነው። ይህን ለማን ትንገር? ኢዩኤል ጀርባውን ሰጥቷት ብራያንን ያዳምጣል። ሩሐማ ብቻ ናት «ጥሩ ነው?» ያለቻት።

«በጣም። የሠራው ሰው ጊዜ ሰጥቶታል፣ አልተጣደፈም።»

ቀጥሎ ካለው ድንኳን የሰጧት ግን የተበላሸ ነበር። አየር ገብቶበት እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይላል። ሣሩ ላይ ደፋችው። ኢዩኤል ዘወር ሲል አያት።

«አክስቴ! በሰው ፊት አትድፊው፣ ሩድ ነው።»

«ተበላሽቷል። ኦክስጅን ገብቶበታል።»

«ኖ፣ የቤልጂየም ቢራ እንደዛ ነው። ላይክ፣ ፋንኪ ነው። ቴስቱ እስኪገባሽ ጊዜ ይፈልጋል።»

ፋንኪ! ቃሉን ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ጊዜ ሰምታዋለች። የኮመጠጠውም ፋንኪ፣ የሸተተውም ፋንኪ፣ የሻገተውም ፋንኪ። እውነት ነው፣ ኮምጣጣ ተብሎ የሚጠመቅ ቢራ አለ፤ ከጠላ አገር ለመጣ ሰው መኮምጠጥ ብርቅ አይደለም። ግን ሆን ተብሎ የኮመጠጠና በቸልተኝነት የተበላሸ አንድ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ገና አልገባሽም» መባሏ አንጀቷን አሳረራት። 

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሰው ሁሉ ወደ አሥራ አራተኛው ድንኳን ጎረፈ። በእንጨት በርሜል ሦስት ዓመት የቆየ ቢራ በዚህ ሰዓት ይከፈታል ተብሎ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ወርቃማ፣ ኮምጣጣ፣ አንድ በርሜል ብቻ» ይላል። የቆዳ ሽርጥ ያሰረ ጺማም ጎረምሳ ማይክራፎን ይዞ ሥርዓቱን ተናገረ፤ ብርጭቆው ለሁሉም ይታደላል፣ ማንም አይጠጣም፣ ከአሥር ወደ ታች ይቆጠራል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ቢራው በበረዶ በተሞላ ሣጥን ውስጥ በተጠመጠመ ረጅም የብረት ቱቦ እያለፈ፣ እየቀዘቀዘ ይቀዳል። ያ ቧንቧ ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም ነበር፤ ለዚህ ሰዓት የተጠበቀ ነው። ጎረምሳው ሃያ ያህል ብርጭቆ በሁለት ትሪ ሞልቶ ማደል ጀመረ። ከፊት ለፊት የቆሙት እነ ብራያን ስለነበሩ ሸዋነሽም ደረሳት።

ብርጭቆውን ስታየው ቅንድቧ ተሰበሰበ። አረፋ የለውም። ቢራ አረፋው ቶሎ ቢጠፋ እንኳ በብርጭቆው ዳር ቀለበት ይተዋል፤ ይሄ እንደ ሻይ ጸጥ ብሏል። ወርቃማ ተብሎ ቀለሙ ቡናማ ነው። አሸተተችው። ኮምጣጣም አይደለም፣ እንጨት እንጨትም አይልም። የሚሸተው ታጥቦ ያልደረቀ የሲሚንቶ ወለል ነው።  ጣቷን ነከር አድርጋ ከአውራ ጣቷ ጋር አሸችው።

ተንሸራተተ። እንደ ሳሙና።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያወቀችውን ነገር ጣቷ ከአእምሮዋ ቀድሞ አወቀው። ኮስቲክ ነው፤ የቢራ ቱቦ የሚታጠብበት፣ ቆዳ የሚበላ መድኃኒት። አንድ ሰው ያንን ጥምጥም ቱቦ በኮስቲክ ሞልቶ ለማጠብ አስቀምጦታል፣ ሳያለቀልቀውም ረስቶታል። ቢራው ከኋላ ሲገፋው ፊት ፊት የወጣው ያ ነው።

«ስቶፕ!» አለች። «ዶንት ድሪንክ! ይሄ ቢራ አይደለም፣ ኮስቲክ ነው! የቱቦ ማጠቢያ ነው!»

ጎረምሳው ሳቅ ብሎ፣ በማይክራፎኑ፣ «አትፍሪ ማማ፣ ጥቂት ፋንኪ ነው፣ እንደዛ ነው የሚፈለገው» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ብራያንም ሳቀ። አንዱ «አሥር!» ብሎ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። «ዘጠኝ!»

ሸዋነሽ እሳት ለበሰች፣ እሳት ጎረሰች። ጠረጴዛውን በመዳፏ ደበደበች። «አትጠጡ እያልኩ ነው! ያቃጥላችኋል!» እንግሊዝኛው በጭንቀት ተበታተነባት፤ ግማሹ በአማርኛ ወጣ። ኢዩኤል ክንዷን ያዘ። ፊቱ በኀፍረት ቀልቶ ነበር። ለጎረምሳውና ለብራያን፣ እሷ የማትሰማ ይመስል፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦

«ይቅርታ አድርጉላት። አክስቴ ነች። ከአገር ቤት ነው የመጣችው፤ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አክስቴ ፕሊስ፣ ዩ አር ኢምባረሲንግ ሚ። አየሽ? ምንም የለውም።» ቆጠራው ሰባት ላይ ሲደርስ ብርጭቆውን አንስቶ ጨለጠው።

«ተው!» ብላ እጁን ልትመታ ስትወረወር ዘገየች።

መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ፤ አፉን በሁለት እጁ ያዘና ጎበጠ። ሸዋነሽ ዘላ በክንዷ ሁለቱንም ትሪ ጠረገቻቸው። የቀሩት ብርጭቆዎች እየተንኳኩ መሬት ወረዱ። ቆጠራው አራት ላይ ቆመ።

«ሩሐማ፣ ውኃ! ቶሎ ውኃ!»

ሩሐማ የያዘችውን ጠርሙስ ይዛ ደረሰች። ሸዋነሽ የኢዩኤልን ጭንቅላት ይዛ፣ «ተጉመጥመጥ! ትፋው! እንደገና! አትዋጥ፣ ትፋ!» እያለች ታዘው ጀመር። ድምፅዋ እንደ ወታደር አዛዥ ነበር። ልጁ እንባው እየወረደ ይታዘዛል።

«ዋጥ አድርጓል መሰለኝ» አለች ሩሐማ። «ላስመልሰው?»

«እንዳትሞክሪ! ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አሁን ጥቂት ጥቂት ውኃ ይጎንጭ። ሌላ ምንም አትስጪው።»

ጎረምሳው በዚህ መሐል ስለ ትሪው ይጮሃል። ሦስት ዓመት የደከምንበት ቢራ ይላል፣ ሴኪዩሪቲ ይላል። አንድ ወፍራም ጠባቂ መጥቶ ሸዋነሽን «ማም፣ ካልም ዳውን» አላት። ከድንኳኑ ጀርባ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ወጣች፤ የጠማቂው ድርጅት ባለቤት ነበረች። ሸዋነሽ ጠባቂውን ገፍታ ወደ ሴትየዋ ሄደች።

«ፒኤች መለኪያ ወረቀት አለሽ?»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ቆመች።

«ጠማቂ ነሽ አይደል? ወረቀቱን አምጪ!»

ሴትየዋ ከዕቃ ሣጥኗ አንድ ጥቅል አወጣች። ሸዋነሽ ቆርሳ ከዚያው ቧንቧ አፍ ላይ ከተንጠለጠለው ጠብታ ነካችበት። ወረቀቱ ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወደ ኮስቲክ ቀለም ሄደ። ሴትየዋ ወረቀቱን አየች፣ ጎረምሳውን አየች። «ጥምጥሙን ቱቦ ያለቀለቅኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ። «አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለ። ፊቱ እንደ አመድ ነጣ።

ሸዋነሽ ይቅርታ ጠበቀች። ሴትየዋ ግን ክንዷን ለስለስ አድርጋ ይዛ፣ «ወደ ጀርባ እንግባና እንነጋገር። ሰው ባይሰማ ይሻላል፤ ነገሩን በውስጥ እንጨርሰዋለን» አለቻት።

«ምኑን ነው የምትጨርሺው? ብርጭቆ ይዘው የሄዱ አሉ!»

እውነቷን ነው፤ ከፊት የታደላቸው አምስት ስድስት ሰዎች በግርግሩ ብርጭቆአቸውን ይዘው ከሕዝቡ ጋር ተደባልቀዋል። ሴትየዋ አላመነታችም ማለት አይቻልም፤ ግን ማይክራፎኑን አላነሳችም። ሸዋነሽ አነሳችው። 

«ስሙኝ!» አለች በዚያው በሰባራ እንግሊዝኛዋ። «ከዚህ ድንኳን የወሰዳችሁትን አትጠጡ። ቢራ አይደለም። የቱቦ ማጠቢያ ነው፤ አፍ ያቃጥላል። የጠጣ ካለ በውኃ ይጉመጥመጥ፣ ሐኪም ጋ ይሂድ። ልጄ ጠጥቷል። እዩት።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ አፉ ጋ አድርሶት የነበረውን ብርጭቆ እንደ እባብ ወረወረው። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ላይ አስቀምጣው የነበረውን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ እያለቀሰች ለሸዋነሽ ሰጠቻት። ብርጭቆ የወሰዱት ሁሉ ተመለሱ። ሸዋነሽ ብርጭቆዎቹን ተቀብላ በባልዲ ደፋች፣ ከዚያ ሴትየዋን ዋናውን መዝጊያ አስዘጋቻት። የድንኳኑን ሌሎች ሦስት ቧንቧዎች አንድ በአንድ በወረቀት ለካች፤ ደህና ነበሩ። ይህን ሁሉ ስታደርግ የከለከላት የለም።

ስትጨርስ ግን ወፍራሙ ጠባቂ በመቀስ የእጅ አምባሯን ቆረጠው። ዕቃ ሰብራለች፣ ማይክራፎን ቀምታለች፣ ደንቡ ነው አለ። ባለ ድንኳኗ ሴትዮ ቆማ ታያለች። ሸዋነሽ ስታልፋት ቆም ብላ፣ በአማርኛ፣ «እግዜር ይይልሽ» አለቻት። ትርጉሙ ባይገባትም ሴትየዋ ዓይኗን ሰበረች።

ሆስፒታል ሲደርሱ የኢዩኤል ከንፈር አብጦ አፉ አልዘጋ ብሎ ነበር። ተቀባይዋ ነርስ፣ «ምንድነው የጠጣው?» ስትል ሩሐማ ወደ ሸዋነሽ አየች።

«ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ» አለች ሸዋነሽ። «ሁለት ፐርሰንት ገደማ፣ ከቢራ ጋር የተቀላቀለ። ወደ ሃምሳ ሚሊ ሊትር አፉ ገብቷል፣ አብዛኛውን ተፍቶታል፣ አንዴ ውጧል። ሰዓቱ ስምንት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውኃ አግኝቷል። አላስመለሰም።»

ነርሷ ቀና ሳትል ሁሉንም ጻፈች። ኢዩኤል ግን ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ አክስቱን አያት፤ ከዚያ በፊት አይቷት የማያውቅ ይመስል። ስልኩን አውጥቶ በላቲን ፊደል «ይቅርታ አክስቴ» ብሎ ጽፎ አሳያት።

ሸዋነሽ ስልኩን በእጇ ጀርባ መለሰችው። «አሁን አትጻፍልኝ። ምን ብለህ ነበር ያኔ? እንግሊዝኛ የማልሰማ መሰለህ? ስትድን በአማርኛ ትነግረኛለህ፣ አፍ ለአፍ።»

ሩሐማ፣ «እባክዎ፣ ታሞ ነው፣ ዛሬ ይተዉት» አለች።

«ታሞ ስለሆነ ነው ያልመታሁት» አለች ሸዋነሽ፤ ከዚያ ወደ መተላለፊያው ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።  የወንድሟ ልጅ ዓይኗ እያየ ጉሮሮው ሊቃጠል ነበር። ያውም ለምን? አለቃው ፊት እንዳያፍር።

ሐኪሙ ጉሮሮው እንዳልተጎዳ፣ ምላሱና ከንፈሩ ብቻ እንደተላጠ፣ ሳምንት ቀዝቃዛና ፈሳሽ ነገር ብቻ እንዲወስድ ነገራቸው። ገና ሳይመሽ ወደ ቤት ተመለሱ። ብራያን አንድ አጭር መልእክት ልኮ ነበር፤ «ዋው፣ ምን ዓይነት ቀን ነበር» ይላል።

በሳምንቱ መሐል ከፌስቲቫሉ አዘጋጆች ለኢዩኤል ኢሜይል መጣለት። በአንድ ድንኳን «መጠነኛ ቴክኒካዊ ችግር» ማጋጠሙን ገልጾ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነጻ ቲኬት ይጋብዛል። ሩሐማ ስታነብላት ሸዋነሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ «ላፕቶፕሽን አምጪ» አለቻት። ተቀምጠው በላቦራቶሪ ሥርዓት ሪፖርት ጻፉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የናሙናው መልክ፣ ሽታ፣ የወረቀቱ ቀለም፣ የተጎዳ ሰው፣ መደረግ የነበረበት። ሁለት ገጽ ሞላ። ለአዘጋጆቹም፣ የምግብና መጠጥ ቁጥጥር ለሚመለከተው ቢሮም ላኩ። ከቢሮው «ደርሶናል» የሚል መጣ። ከአዘጋጆቹ ምንም። በማግስቱ ሥራ ስትገባ ሱፐርቫይዘሯ ስለ ማቀዝቀዣው ሊያስረዳት ሲጠጋ፣ «አውቀዋለሁ» አለችው። ሁለተኛ ሲሞክር፣ «ስሜ ሸዋነሽ ነው። ማማ አይደለሁም» አለችው፤ ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሄደ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ኢዩኤል ብቻውን ሊልበርን መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምላሱ ገና ስላልዳነ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ያልኩትን ልንገርሽ» አለ።

«ንገረኝ።»

«ከአገር ቤት ነው የመጣችው... እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም... ነው ያልኩት።»

በአማርኛ ሲወጣ ለእሱም ከበደው፤ ወለሉን አየ። ሸዋነሽ አልረዳችውም።

«ሰባት ዓመት» አለች። «ሰባት ዓመት በየሳምንቱ እዚህ ቤት በልተሃል። አንድ ቀን እንኳ ምን ነበርሽ ብለህ ጠይቀኸኛል? ያ ጺማም ቢስቅብኝ ባዳ ነው፤ አያውቀኝም። አንተስ ምን ትላለህ?»

«ሩሐማ ሪፖርቱን አሳየችኝ። አነበብኩት» አለ። «አክስቴ፣ አይ ሚን... ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ምን ነበር ሥራሽ?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አሁን።»

 ሸዋነሽ እንደተቆጣች ጀመረች። አንድ ጊዜ አርባ ሺህ ሊትር የያዘ ታንክ ስትቀምስ የብልሽት ጣዕም እንዳገኘችበት፣ በዓል ደርሷል ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «ፈርሚ» እንዳሏት፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደወጣች ነገረችው። ቢራው ተደፋ። እሷን ለሦስት ወር ወደ ብቅል መጋዘን አዛወሯት፤ አቧራው ሳንባዋን በላው። «ማንም አመሰገነኝ?» አለች። «ማንም። እዛም አልተመሰገንኩ፣ እዚህም አልተመሰገንኩ። ግን አንድ ሰው በእኔ ፊርማ አልታመመም።»

ኢዩኤል እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ይሰማ ነበር። «አሁንም በእኔ ተናደሻል?» አለ ቆይቶ።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። ሲበርድልኝ ትሰማለህ።» ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ከፍሪጅ ቀዝቃዛ አጥሚት በኩባያ ቀድታ መጣችና ፊቱ አስቀመጠችለት። «ጠጣ። ቀስ ብለህ፣ ምላስህን እንዳያመው። ከዚያ ስለ ሁለተኛው ታንክ እነግርሃለሁ፤ ያኛው ይብሳል።»